ሰማዩን ያሳያት አምላክ ምድሩንም አሳያት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ለመመስከር የተሳልኩት ልጄ ገና ጡት ሳትጥል ነው። ስትወለድ ዓይኖቿ አልተገለጡም። «አራስ ናት፣ ትገልጣለች» ተባለ። ክርስትና ስትነሣ የቀኙ በመጠኑ ተገለጠ፤ የግራው ቆብ ግን ብሌኗን ከልሎ ቀረ።

መሄድ ስትጀምር አገጯን ወደ ላይ ሰቅላ፣ ቅንድቧን ስባ ነበር የምታየው። ግንባሯ በዚያ ዕድሜዋ እንደ አሮጊት ተሸብሽቧል። እግሯ ሥር ያለው ድንጋይ ስለማይታያት ጉልበቷ ቁስል አያጣም። ጎረቤቱ «እንቅልፋሟ» ይላታል፤ ዓይነ ጥላ ነው የሚልም አለ። ያቺ ቃል እናትን እንዴት እንደምታንገበግብ የደረሰባት ታውቀዋለች።

ጠበል አስጠመቅኋት። ደብረ ብርሃን ሥላሴም ይዣት ገባሁ። ጣሪያው ላይ የተሳሉት መላእክት ዓይናቸውን አፍጥጠው ወደ ታች ያያሉ። ልጄ አንገቷን ቀና አድርጋ ስለምትሄድ ገና ስንገባ አየቻቸውና በጣቷ አሳየችኝ። እንባዬ መጣ። «ጌታዬ፣ ሰማዩን እንዳሳየሃት ምድሩንም አሳያት» አልኩ። ሌላ ጸሎት አልነበረኝም።

ጳጉሜ 3 የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት ዝናብ ሲጥል ልጆቹ ሁሉ ሊጠመቁ ወጡ፤ እኔም ይዣት ወጣሁ። የንስሐ አባቴ አይተውን ጠሩኝ። «የጦቢትን ዓይን ያዳነው ማን ነው?» አሉኝ። ሩፋኤል አልኩ። «እንዴት አዳነው? የዓሣውን ሐሞት ያዝ፣ ለአባትህ ዓይን መድኃኒት ነው ብሎ ለልጁ ለጦብያ አይደል የነገረው? መልአኩ መድኃኒት ካዘዘ፣ አንቺ ሐኪም ቤት ብትሄጂ ጠበሉን ካድሽ የሚልሽ የለም።» ለእኔ ጸሎቴ የተሰማው ያን ዕለት ነው።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዓይን ክፍል ወሰድኳት። ሐኪሟ ማስመሪያ ይዛ «ታች እዪ፣ ላይ እዪ» እያለች ለካቻት። ቆቡን የሚያነሣው ጡንቻ ከማኅፀን ጀምሮ በደንብ አልተሠራም፣ የግራው 4 ሚሊሜትር እንኳ አያነሣም አለችኝ። ቶሲስ ይሉታል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ነው፦ የተከለለ ዓይን ጥርት ያለ ምስል ስለማይደርሰው አእምሮ ይተወዋል፣ ሰነፍ ዓይን ይሆናል፤ በልጅነት ካልታከመ ደግሞ ካደጉ በኋላ መመለሱ ከባድ ነው።

ኦፕሬሽኑ በሙሉ ሰመመን ነበር። ቆቧን በቀጭን የሲሊኮን ማሰሪያ ከግንባሯ ጡንቻ ጋር አያያዙት፤ ቅንድቧን ስታነሣ ቆቡ አብሮ ይነሣል። እኔ ደጅ ላይ ውዳሴ ማርያም ስደግም አንዱን ቃል ከአንዱ አምታታለሁ፤ እመቤቴ ግን ሰምታኛለች።

ስትተኛ ዓይኗ ገርበብ ብሎ ነጩ ይታያል። አስቀድመው ባይነግሩኝ ልቤ ቀጥ ይል ነበር። እንዳይደርቅባት ማታ ማታ ቅባት አደርግላታለሁ። ቀን ደግሞ ደህናውን ዓይኗን ለሰዓታት ሸፍነን ሰነፉን እናሠራዋለን። ታለቅሳለች፤ እኔም ፊቴን አዙሬ አለቅሳለሁ፤ ግን አላነሣላትም።

ዛሬ አገጯ ወርዷል። ደረጃ ስትወርድ እግሯን እያየች ትረግጣለች፣ ጉልበቷም ሽሯል። ቆቡ እንደ ቀኙ እኩል አልሆነም፤ እንደማይሆንም ነግረውኛል። የግራው ዓይኗ ግን ገና ሥራ ይቀረዋል። የተሳልኩትን ጥላ ለሩፋኤል አገባለሁ። እናንተም ወለተ ማርያም ብላችሁ በጸሎት አስቡልኝ።

ክብር ምስጋና ለልዑል እግዚአብሔር ይሁን፤ አሜን።