ኮት የለበሰ ፍየል እንዴት እስላለሁ

ሰውን በእንስሳ መልክ ስስል የምጀምረው ከሰውየው ነው። በእርሳስ መጀመሪያ አቀማመጡን እነድፋለሁ፤ እጁን የት እንዳደረገ፣ አለቃው ሲገባ ወገቡ ምን ያህል እንደሚሰበር። እንስሳው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አቋሙ ላይ ፌዝ ከሌለ የአህያ ጭንቅላት ቢደፉበትም አያስቅም።

ይህን ያስተማረኝ የፈረንሳዩ ካርቱኒስት ግራንቪል ነው፤ ሥዕሎቹን እያየሁ ደጋግሜ ቀድቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጨረሻ የሳላቸው ገጸ ባሕርያት ጭንቅላታቸው የእንስሳ፣ አካላቸው የሰው ነው። ልብሳቸው የዘመኑ ፋሽን ነው፤ ፊታቸው ደግሞ ኮስተር ያለ። ማንም ቀልድ እያወራ አይመስልም። በ1835 ካርቱን ከመታተሙ በፊት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገዋል የሚል ሕግ ሲወጣ ሰውየው ወደ መጽሐፍ ሥዕል ዞረ። እንስሳቱንም ይዟቸው ሄደ።

የእንስሳ ምርጫ ላይ ጠንቃቃ ነኝ። ቀበሮ ለተንኮል፣ እስስት ለአድርባይ፣ በቃ ሰለቹ። አንባቢ ገና ሳያያቸው ያውቃቸዋል። እኔ የማየው እንስሳው በእውነት የሚያደርገውን ነው። ፍየል ከፍ ያለ ቅጠል ሲያምረው በኋላ እግሮቹ ይቆማል። ሹመት ፈላጊ ማለት ይኸው አይደል? ኮት አልብሼ፣ አንገቱን አስረዝሜ አቆምኩት።

ያስቸገረኝ ዓይኑ ነው። የፍየል ዓይኖች በግራና በቀኝ ናቸው፤ ብሌናቸውም አግድም የተኛ ነው። እንደ ሰው ወደ ፊት ካመጣኋቸው ፍየልነቱ ይጠፋል። ስለዚህ ፊቱን ወደ ጎን አዙሬ አንዱን ዓይን ብቻ አሳያለሁ። ቅንድብ አልጨምርም። ስሜቱን ለጆሮው እተወዋለሁ። እጆቹ ደረቱ ላይ ተጣምረው እየተሽቆጠቆጡ ጆሮው ወደ ኋላ ከተለጠፈ፣ አፉና ሆዱ እንደተለያዩ ያለ ጽሑፍ ይታያል። ሰኮና ብዕር ስለማይዝ እጁን የሰው አድርጌ እተወዋለሁ፤ ግራንቪልም ብዙ ጊዜ እንዲያ ነው የሚያደርገው።

አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። የምስለው ድርጊትን ነው። ሰውን በዘሩ ወይም በመልኩ ከእንስሳ ጋር ማመሳሰል ስድብ ነው፤ ብዙ ክፉ ነገርም ተሠርቶበታል። አቅም የሌለውም ላይ ብዕሬን አላነሳም። ከ3,000 ዓመት በፊት እንኳ ግብፃውያን በድንጋይ ስባሪ ላይ አይጧን እመቤት፣ ድመቷን አገልጋይ አድርገው ስለዋል። ያ መገለባበጥ ደስ ይለኛል።

አንዳንዴ የፍየሉ ደረት ላይ «ሹመት ፈላጊ» ብዬ መጻፍ ያምረኛል። ያኔ ላጲሴን አንስቼ ወደ አቋቋሙ እመለሳለሁ። የጎደለው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚገኘው።