በአንድ ቀን ስሕተት የታገደው የጤና ካርድ

አንድ ባል ከሰሜን ኢጣሊያ፣ ደሴ ወዳለው የጽሕፈትና የትርጉም ቤት ሲደውል ሚስቱ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። «ጤና ቢሮው አልመዘግብም አለ። አንዱ ወረቀት ሴፕቴምበር 12 ተወለደች ይላል፣ ሌላው 13። አንዷ ሴት ሁለት ሰው ሆነችብን፤ ምን ይሻላል ወንድሜ?»

ሚስቱ የሐይቅ ልጅ ናት፤ የሄደችው በቤተሰብ ጥሪ፣ ባሏ ጠርቷት ነው። የልደት ሰርተፍኬቷ አማርኛው «መስከረም 2 ቀን 1992 ዓ.ም.» ይላል፤ ትክክል ነው። እንግሊዝኛውን የሠራው ልጅ ግን መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አድርጎ ቆጥሮ 12 ጻፈ። በ1991 ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበረች፤ ስለዚህ የ1992 እንቁጣጣሽ የዋለው ሴፕቴምበር 12፣ 1999 ነው፤ የሚስቱም ልደት 13። እንዲህ ባለው ዓመት የአንድ ቀን ፈቀቅታው ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ይቆያል፤ ከየካቲት 22 ጀምሮ ወደ ቦታው ይመለሳል። በእነዚህ ወራት የተወለደ ሰው ሰነድ ሲመጣ ዓመቱን ሳያዩ ቀን መለወጥ አይገባም።

የጣልያንኛው ትርጉም አዲስ አበባ የተሠራው ከእንግሊዝኛው ላይ ስለነበር 12 እንዳለ ተላለፈ። ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ኤምባሲውም ማኅተም አደረጉበት። ማኅተሙ ፊርማው የማን እንደሆነ ያረጋግጣል እንጂ ቀን አያሰላም፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው።

ባልዬው የጥሪ ማመልከቻውን የሞላው ከትርጉሙ ገልብጦ ነበር። ሚስቱ እንደ ደረሰች፣ ሕጉ በሚሰጠው ስምንት የሥራ ቀን ውስጥ፣ ለመኖሪያ ፈቃድ ስታመለክት ደግሞ ቀኑ ከፓስፖርቷ ተወሰደ፤ እሱ 13 ይላል። ችግሩ የከፋው በኮዲቼ ፊስካሌ ምክንያት ነው። ይህ የግብር መለያ 16 ፊደልና ቁጥር አለው፤ የጤና ካርዱም የሚወጣው በእሱ ነው። ሦስት ፊደል ከቤተሰብ ስም፣ ሦስት ከራስ ስም፣ ሁለት አኃዝ ከዓመት፣ አንድ ፊደል ለወር፣ ሁለት አኃዝ ለቀን፣ አራት ለትውልድ አገር፣ አንድ መቆጣጠሪያ። ለሴት በቀኑ ላይ 40 ይደመራል። ስለዚህ በአንዱ ወረቀት 52፣ በሌላው 53 ሆነች፤ መቆጣጠሪያ ፊደሉም አብሮ ተለወጠ።

ስምም እንዲሁ ነው፣ ለወሎ ሰው በተለይ። ኮዱ ከቤተሰብ ስም አስቀድሞ ተነባቢዎቹን ይወስዳል፤ ሦስት ካልሞሉ አናባቢ ይጨምራል። «ሰይድ» በኤስ፣ ኢ፣ አይ፣ ዲ ሲጻፍ «ኤስ ዲ ኢ» ይሰጣል፤ በኤስ፣ ኤ፣ አይ፣ ዲ ሲጻፍ «ኤስ ዲ ኤ»። «መሐመድ» በኦም ተጻፈ በዩ መጀመሪያዎቹ ሦስት ተነባቢዎች አይለወጡም፤ ግን ኮዱ ቢተርፍም የስሙ አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር ካልገጠመ መስኮት ላይ መመለሱ አይቀርም።

ሰርተፍኬቱ ስላልተሳሳተ ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት መሄድ አላስፈለገም። ትርጉሙ በአዲስ ተሠራ፣ ማረጋገጫው እንደገና ተጀመረ፤ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ያውም ቀጠሮ እየጠበቁ። ወረቀቱ ሲደርስ ባልዬው በቀጥታ ወደ ጤና ቢሮው ሊሄድ ነበር። አስቀድሞ ኮዱን ወደ ሰጠው የግብር መሥሪያ ቤት፣ አጄንሲያ ዴሌ ኤንትራቴ፣ እንዲሄድና የተሳሳተው ኮድ ከትክክለኛው ጋር እንዲያያዝ ተነገረው። ያ ካልተስተካከለ ጤና ቢሮው የሚያየው ሁለት ሴቶች ነው።

የመኖሪያ ፈቃዱ ካርድ ገና አልወጣም ነበር፤ ለእሱ መጠበቅ አላስፈለጋትም። በቤተሰብ ጥሪ የገባ ሰው የማመልከቻውን ደረሰኝ ይዞ መመዝገብ ይችላል። ደረሰኙን፣ ፓስፖርቱንና የታረመውን ኮድ ይዘው ሄዱ፤ በዚያው ቀን ከዝርዝሩ ላይ የቤተሰብ ሐኪም መረጠች።

የደሴው ትርጉም ቤት አሁን የፓስፖርት ቅጂ ሳይያያዝ ሥራ አይቀበልም። ሠራተኛው የስሙን ፊደል አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ባለጉዳዩ ፓስፖርቱን ይዞ ይከተላል።