የአውሮፓን የሙከራ በረራ ሕግ ያነበብኩበት መንገድ

የምሠራው ጀርመን ውስጥ፣ የአውሮፕላን ማሻሻያ ዲዛይን በሚሠራ ቢሮ ነው። አንድ ደንበኛ ሁለት ሞተር ባላት የቅየሳ አውሮፕላኑ ሆድ ሥር ትልቅ የካሜራ መያዣ እንዲገጠምለት ፈለገ። ሥዕሉና ስሌቱ አለቀ። ከዚያ መብረር አለባት። በማን ፈቃድ? በየትኛው አብራሪ? መልሱን ፍለጋ ሕጉን ራሴ ያዝኩት።

ዋናው ሰነድ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 748/2012 አንደኛ አባሪ ነው። በሙያው ያለ ሰው «ፓርት 21» ይለዋል። ወፍራም ስለሆነ ከገጽ አንድ መጀመር አያዋጣም። መቀመጫው ኮሎኝ የሆነው የአውሮፓ አቪየሽን ደህንነት ኤጀንሲ (ኢያሳ) ሕጉን፣ የአፈጻጸም መንገዶቹንና ማብራሪያውን አንድ ላይ አድርጎ በነፃ ያወጣል። ስታነቡ ሦስቱን ለዩ። ሕጉ ግዴታ ነው። በአፈጻጸም መንገዱ ፋንታ ሌላ መንገድ አቅርቦ ማስጸደቅ ይቻላል። ማብራሪያው ለማስረዳት ብቻ ነው።

እኔ የተነሳሁት ከአንድ ጥያቄ ነው፦ የአውሮፕላኗ የአየር ብቁነት ሰርተፊኬት (ለመደበኛ በረራ ብቁ መሆኗን የሚመሰክረው ሰነድ) ይህን በረራ ይሸፍናል? አይሸፍንም፤ ለውጡ ገና አልጸደቀማ። ስለዚህ መንገዴ ወደ ንዑስ ክፍል ፒ፣ ወደ ልዩ የበረራ ፈቃዱ ሆነ።

እዚያ ሁለት ነገር ተለይቶ ተቀምጧል። አንዱ «የበረራ ሁኔታዎች» ነው፦ አውሮፕላኗ ምን ተገጥሞላት፣ በምን ገደብ፣ በማን ትበር? ደህና መሆኗስ በምን ይረጋገጣል? የዲዛይኑን ደህንነት የሚነካውን ኢያሳ ወይም ይህ መብት የተሰጠው የዲዛይን ድርጅት ያጸድቃል። ሌላው ፈቃዱ ራሱ ነው። እሱን የሚሰጠው አውሮፕላኗ የተመዘገበችበት አገር ባለሥልጣን ወይም መብቱ ያለው ድርጅት ነው። በጀርመን ባለሥልጣኑ ብራውንሽቫይግ ነው ያለው። ማን ምን እንደሚፈርም ሳይገባኝ ማመልከቻ ባለመሙላቴ ብዙ ምልልስ ቀረልኝ።

ብዙ የቆየሁት በፓርት 21 መጨረሻ ካሉት አባሪዎች በአባሪ 12 ላይ ነው። በደንብ ቁጥር 2015/1039 የገባ ነው። የሙከራ በረራን በአራት ምድብ ከፍሎ አብራሪውና መሪ የሙከራ መሐንዲሱ ምን ማሟላት እንዳለባቸው ይደነግጋል። የአዲስ ዓይነት አውሮፕላን የመጀመሪያ በረራ ምድብ 1 ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ አየር መንገድም የሚያበረው ኤ350 እ.ኤ.አ. በ2013 ከቱሉዝ ሲነሳ አባሪው ገና አልነበረም እንጂ፣ አሁን ቢሆን እዚህ ይገባ ነበር። ምድብ 3 ከፋብሪካ አዲስ ለወጣች፣ ዓይነቷ ለጸደቀ አውሮፕላን ነው።

የኛ ጉዳይ በ2 እና በ4 መካከል ነበር። ደንበኛው «ካሜራ እኮ ነው፣ 4 በሉት» አለ። ሕጉ ግን የሚጠይቀው የዕቃውን ዓይነት አይደለም፤ በረራው ላይ የሚፈተነውን ነው። መያዣው የአውሮፕላኗን አጠቃላይ ባሕርይ ለውጦ እንደሆነ ለማየት የሚደረግ በረራ ቢያንስ ምድብ 2 ነው። ያ ከተጣራ በኋላ በተለመደው በረራ ካሜራው መሥራቱን ማየት ምድብ 4 ሊሆን ይችላል። አንድ አውሮፕላን፣ አንድ ለውጥ፣ ሁለት ምድብ። ስለዚህ እያንዳንዱን የሙከራ ነጥብ ለየብቻ ጽፌ ለየብቻ መደብኩት። አሁንም የማደርገው ይህንኑ ነው፤ ለማንም የምመክረውም ይህንኑ ነው።

ልዩነቱ ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። በምድብ 1 እና 2 ዋና አብራሪው የሙከራ በረራ ሬቲንግ (በአብራሪ ፈቃዱ ላይ የሚጨመር የብቃት ማረጋገጫ) ሊኖረው ይገባል። ያን ለማግኘት ከንግድ አብራሪ ፈቃድና ከኢንስትሩመንት ሬቲንግ (በመሣሪያ ንባብ ከመብረር ብቃት) ሌላ ቢያንስ 1000 ሰዓት መብረር፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 400ውን በአዛዥነት፣ በላዩም ልዩ ሥልጠና ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ አብራሪ በቀላሉ አይገኝም፤ ዋጋውም ውድ ነው። ምድቡን ዝቅ የማድረግ ፈተና የሚመጣው ከዚህ ነው። ግን ክንፉ ማንሳት ሲያቆም መቀመጫው ላይ ያለው ያ ሰው ነው። እዚህ ላይ አልደራደርም።

ድንበርንም አስቡበት። ልዩ የበረራ ፈቃድ ከኢያሳ አገሮች ውጭ እንደ መደበኛው ሰርተፊኬት በየአገሩ አያስኬድም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ከኢያሳ ሥርዓት ስለወጣች፣ ደንበኛው ካሜራውን እዚያ ልሞክር ሲለን መጀመሪያ የጻፍነው ለብሪታንያ ሲቪል አቪየሽን ባለሥልጣን ነው።