የተቆረጠው ጓጉንቸር

ነገሩ ከሆነ ቆይቷል። ትዝ ሲለኝ ግን አሁንም ያበግነኛል።

የሌሊት ፈረቃ ነበርኩ። ሊነጋጋ ሲል ለዙር ወጣሁ። ሪዘርቫየሩ፣ ማለትም የመጠጥ ውሃው ማጠራቀሚያ ጋ ስደርስ ክዳኑ ላይ ጓጉንቸር የለም። ባትሪ ሳበራ መሬት ላይ አገኘሁት፤ ተቆርጧል። ቁርጡ ገና ያብረቀርቃል። ከእኔ በፊት የነበረው ፈረቃ ዙር ወጥቻለሁ ብሎ ፈርሟል፤ እሱን ልተወው።

መውጫውን ቫልቭ ዘጋሁና ናሙና ቀዳሁ። ቀሪ ክሎሪን (ጀርም ገድሎ ውሃው ውስጥ የሚተርፈው) በሊትር 0.4 ሚሊግራም፣ ያው የማታው ቁጥር። ድፍርስነቱም አልጨመረም። ይህ ግን አላረጋጋኝም። ቆሻሻ ቢገባ ክሎሪኑ ይወርዳል፤ ክሎሪን የማይበላው መርዝ ቢገባ ግን ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። አለቃዬ ጋ ደወልኩ።

«ቫልቭ ዘጋህ? በማን ፈቃድ?»

«ኢንጂነር፣ የክዳኑ ጓጉንቸር ተቆርጦ ነው።»

«ታዲያ ምን ሊሰርቁ? ውሃ?»

ሳቀና ዘጋው። የሚጨምሩት እንጂ የሚወስዱት መች አሳሰበኝ! ይህቺ መልስ የመጣችልኝ ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው።

ጠዋት ጥገናዎች ገቡ። አንዱ ጓጉንቸሩን እጄ ላይ ሲያይ፣ «እሱን እኮ ትናንት እኛ ነን የቆረጥነው። የውሃውን ከፍታ የሚጠብቀውን ፍሎት ልናይ ፈልገን ቁልፉ ጠፋ» አለኝ። መዝገብ ላይስ? ረስተውታል። ሌሊቱን ሙሉ ክዳኑ ክፍት ማደሩን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እኔ ግን «ኢንተርፖል» የሚል ስም ወጣልኝ።

በ2021 ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ኦልድስማር በምትባል ከተማ፣ አንድ ሰው በኮምፒውተር ገብቶ ውሃው ላይ የሚጨመረውን ካስቲክ ሶዳ (አሲድነት የሚቀንስ፣ ሲበዛ የሚያቃጥል ኬሚካል) ከ100 ወደ 11,100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ከፍ አደረገው ተባለ። ኦፕሬተሩ ወዲያው አይቶ መለሰው። አለቃዬ ይህን ሰምቶ ሰበሰበንና ስለ ንቃት አንድ ሰዓት ሙሉ አወራ። የእኔን ሌሊት አላነሳትም። ከዓመታት በኋላ ደግሞ፣ የኦልድስማሩን ቁጥር የነካው ሰርጎ ገብ ሳይሆን የራሳቸው ሠራተኛ በስህተት ሳይሆን አይቀርም ተባለ። የእኛ ጥገናዎች ትዝ አሉኝና ብቻዬን ሳቅኩ።

በዚያ ስብሰባ መጨረሻ ላይ አለቃዬ፣ «ተሰብሮ ያገኛችሁትን ነገር በእጃችሁ እንዳትነኩ፤ ለፖሊስ ማስረጃ ነው» አለ።

አቀረቀርኩ። ጓጉንቸሩ እስከ ዛሬ እኔ ጠረጴዛ ላይ አለ። ወረቀት እንዳይበርብኝ እጭነዋለሁ።