የሺያመን የስደት ሙዚየም፦ የደብዳቤዎቹ ፖስታ እንዴት ይነበባል?

በደቡብ ቻይና፣ ሺያመን ከተማ የሚገኘው የባሕር ማዶ ቻይናውያን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፈተ። መሥራቹ ታን ካ ኪ ነው፤ ሲንጋፖር ላይ በጎማ ንግድ ከብሮ በ1921 የሺያመንን ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመው ሰው። መግቢያው በነፃ ነው፣ ሰኞ ዝግ ነው፤ ፓስፖርት ያዙ። የተፈጥሮ ታሪክ ክፍልም አለው፤ ጊዜ ካጠረ እሱን እለፉት።

ጎብኚን ቶሎ የሚስበው በውል ባሕር የተሻገሩት የጉልበት ሠራተኞች ታሪክ ነው። አይፈረድበትም፤ በ1847 የመጀመሪያዋ መርከብ ሰው ጭና ወደ ኩባ የተነሣችው ከዚሁ ወደብ ነው፣ የሥራ ውሉ 8 ዓመት። ቻይናውያኑ ራሳቸው ንግዱን «የአሳማ ግልገል ሽያጭ» ይሉት ነበር። ረጋ ተብሎ መታየት ያለበት ግን ቺያኦፒ ነው፦ ስደተኞቹ ለቤተሰብ ይልኩት የነበረ ደብዳቤና ሐዋላ በአንድ ላይ። ዩኔስኮ በ2013 በዓለም ሰነዶች መዝገብ አስፍሮታል።

ፖስታው ከላይ ወደ ታች ይነበባል። መሐል ላይ፣ ብዙ ጊዜ በቀይ መደብ፣ የተቀባዩ ስም አለ፤ በቀኝ የመንደሩ አድራሻ፣ በግራ ከላይ የገንዘቡ መጠን፣ ከሥሩ ላኪው።

የሚያሳስተው መጠኑ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ሱጆው በሚባለው የነጋዴዎች ቁጥር ነው። ከ1 እስከ 3 ቋሚ ጭረቶች ናቸው፤ 4 ደግሞ እንደ ማባዣ ምልክት የተጠላለፈ ነው። የተለመደው የቻይንኛ 10 ቀጥ ያለ መስቀል ስለሚመስል 4ን 10 ብሎ የሚያነብ አይጠፋም። 1 እና 2 ሲከታተሉ አንዱን አጋድመው ይጽፉታል፤ አለዚያ ተጣብቀው 3 ይሆናሉ።

ዓመቱ በቻይና ሪፐብሊክ አቆጣጠር «ሚንጉዎ 20» ካለ 1911 ደምሩበት፤ 1931 ነው። በ1948 ገደማ ሚሊዮኖች የተጻፉበት ፖስታ ብታዩ ላኪው ከበርቴ ሆኖ አይደለም፣ የወረቀቱ ገንዘብ ረክሶ ነው።

ጀርባው ላይ ደብዳቤውንና ገንዘቡን ከሚያደርሰው ድርጅት ማኅተም ጋር አንድ ፊደልና ቁጥር ይኖራል። ፊደሉ የተወሰደው ሕፃናት ይማሩበት ከነበረው የአንድ ሺህ ፊደል ግጥም ነው። ግጥሙ ውስጥ አንድም ፊደል አይደገምም፤ ስለዚህ የአንዱ ዙር ደብዳቤ ከሌላው አይቀላቀልም።

አጠገቡ ትንሽዬ ፖስታ ካለች እሷ የቤተሰቡ መልስ ናት፣ ደረሰኝም ጭምር። የድርጅቱ መልእክተኛ ገንዘቡን ቆጥሮ ያስረክብና መልስ ይቀበላል፤ እናት መጻፍ ካልቻለች እሱ ይጽፍላታል። ሒሳቡ የሚዘጋው ያቺ ወረቀት ባሕር ተሻግራ ላኪው እጅ ስትገባ ነው።