ሁለት ጊዜ የተቃጠሉት ትራንዚስተሮች

የአባቴ አምፕሊፋየር ማብሪያው ከተጫነ በኋላ አራት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ከሆዱ ውስጥ «ቀጭ» ይላል። በልጅነቴ ያቺ ድምፅ የሙዚቃው መጀመሪያ ትመስለኝ ነበር። ስፒከሮቹን ከመሣሪያው ጋር የሚያገናኘው መከላከያ ሪሌይ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ነው፣ ውስጥ ብልሽት ካለ አያገናኝም። አባቴ ካረፈ በሁለተኛው ዓመት ያቺ «ቀጭ» ቀረች። መብራቱ ይበራል፣ ድምፅ ግን የለም።

መሣሪያው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ በጃፓን የተሠራ ነው። ቤታችን ያሉት ሸክላዎች ሁሉ የተሰሙት በእርሱ ስለሆነ «ለቆራሌው ሽጠው» ያሉኝን ሰዎች አልሰማኋቸውም። ካቻቢቴ ይዤ ክዳኑን ፈታሁ። በውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ሁለት ትልልቅ ባለ10,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች አሉ፤ ሶኬቱ ተነቅሎም ቢሆን 40 ቮልት ገደማ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ብዙ ሰው ጫፎቻቸውን በካቻቢቴ አገናኝቶ ያፈነዳቸዋል፤ እኔ ይህን ልማድ አልወደውም። ባለ100 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር ጫፎቻቸው ላይ ለጥቂት ሰከንዶች ይዤ አፈሰስኋቸው፤ ዜሮ መድረሳቸውንም ቮልቴጅ በሚለካው መልቲሜትር አረጋገጥሁ።

ስቴሪዮ አምፕሊፋየር ለጠጋኝ አንድ ጸጋ አለው፤ ግራና ቀኙ መንትያ ናቸው። ቀኙ ጤነኛ ስለነበር ካርታ ሆነልኝ። መልቲሜትሩን ዳዮድ መለኪያው ላይ አድርጌ እያንዳንዱን ነጥብ ከመንትያው ጋር አስተያየሁ። በቀኝ በኩል 0.6 ቮልት አካባቢ የሚነበብበት ቦታ በግራ በኩል ዜሮ ሆኖ ተገኘ። ትራንዚስተር ሦስት እግር አለው፤ በትንሹ ጅረት የሚያዝዘው ቤዝ፣ ትልቁ ጅረት የሚያልፍባቸው ደግሞ ኮሌክተርና ኢሚተር ናቸው። ስፒከሩን ከሚነዱት ከላይኛውና ከታችኛው የውጤት ትራንዚስተር አንዱ ከኮሌክተር እስከ ኢሚተር ድረስ እንደ ሽቦ ሆኗል፤ ከፊቱ ያለው ድራይቨርም አብሮት ሞቷል።

ድራይቨሩ ለምን አብሮ እንደሚሞት መረዳት በኋላ ብዙ ረድቶኛል። 8 ኦም ስፒከር ላይ 32 ቮልት ሲደርስ 4 አምፔር ያልፋል። የዚያ ዘመን የውጤት ትራንዚስተር የሚያጎላው 50 እጥፍ ቢሆን፣ ቤዙ 80 ሚሊአምፔር ይጠይቃል። ከኋላ ያለው የቮልቴጅ ማጉያ ክፍል ግን የሚችለው ጥቂት ሚሊአምፔር ብቻ ነው። በመካከል ቆሞ ይህን ክፍተት የሚሞላው ድራይቨሩ ነው። ስለዚህ ትልቁ ትራንዚስተር ሲቀልጥ ጉዳቱ በቀጥታ ወደ እርሱ ይመለሳል።

የሞቱትን ቆጠርሁ፣ መርካቶ ሄጄ ምትካቸውን ገዛሁ፣ በየድኋቸው፣ ሶኬቱን ሰካሁ። አምስት ሰከንድ አልሞላም፤ የተቃጠለ ሬዚስተር ሽታ ክፍሉን ሞላው። አዲሶቹም ሞቱ።

በሰፈራችን ለረጅም ዓመታት ሬድዮ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አዛውንት አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። መሣሪያውን ተሸክሜ ሄድሁ። የተቃጠሉትን ትራንዚስተሮች መዳፋቸው ላይ አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ሟቾቹን ቀይረሃል፤ ገዳዩን ግን ፈልገኸዋል?» አሉኝ።

«አልፈለግሁም፣ ጋሼ። የሚቃጠሉት በእርጅና መስሎኝ ነበር።»

«በእርጅናማ ቢሆን አዲሶቹ ምን አስቸኮላቸው?»

ከመደርደሪያቸው ላይ አንድ የድሮ የሽቦ አምፖል አወረዱ። 60 ዋት ነው። ከመሣሪያው የኤሌክትሪክ መስመር ጋር በተከታታይ እንዴት እንደሚገባ አሳዩኝ። ጤነኛ መሣሪያ ሲበራ አምፖሉ ካፓሲተሮቹ እስኪሞሉ ደምቆ ወዲያው ይደበዝዛል። ውስጥ ያለቦታው የተገናኘ ነገር ካለ ግን እንደደመቀ ይቀራል፤ ጉልበቱን አምፖሉ ስለሚይዘው ትራንዚስተሮቹ አይቃጠሉም። አሁን በየቤቱ ያለው ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም፤ ዘዴው የሚሠራው በድሮው አምፖል ውስጥ በሚግለው ሽቦ ነው። ይህን አንድ አምፖል ቀድሜ አውቄው ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ግዢዬ አመድ ባልሆነ ነበር።

ገዳዩን ያገኘነው ከባያስ ማስተካከያው ዘንድ ነው፤ ባያስ ሙዚቃ በሌለበትም በውጤት ትራንዚስተሮቹ የሚያልፈው ትንሽ ጅረት ነው። በሁለቱ ድራይቨሮች ቤዞች መካከል የተወሰነ ቮልቴጅ ጠብቆ የሚያቆይ አንድ ትንሽ ትራንዚስተር አለ። መጠኑን የሚወስንለት በካቻቢቴ የሚዞር ተስተካካይ ሬዚስተር ሲሆን፣ መካከለኛው እግሩ ከዚያ ትራንዚስተር ቤዝ ጋር ይያያዛል። ጋሼ ተስተካካዩን ከሰሌዳው ነቅለው በመልቲሜትር ያዙትና ቀስ ብለው አዞሩት። ንባቡ እየጨመረ ሄዶ በድንገት ጠፋ፤ ትንሽ ሲዞር ተመለሰ። ከ40 ዓመት በላይ የቆየው የካርቦን ትራክ ተበልቷል። ያ ግንኙነት በተቋረጠ ቅጽበት ትንሹ ትራንዚስተር ይዘጋል፣ ማለትም ጅረት ማሳለፍ ያቆማል፣ በድራይቨሮቹ መካከል ያለው ቮልቴጅ ይንራል፣ ላይኛውና ታችኛው የውጤት ትራንዚስተር በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ። ከዚያ በኋላ የሚተርፍ የለም። ዋጋው ከአንድ ሲኒ ቡና የማይበልጥ ዕቃ ነው ሁለት ጊዜ ያቃጠለብኝ።

በእርሱ ፋንታ ብዙ ዙር የሚዞር አዲስ ተስተካካይ አስገባሁ። ከትንሹ ትራንዚስተር ቤዝ ወደ ኮሌክተሩም 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጨመርሁ። ወደፊት መካከለኛው እግር ቢቋረጥ እንኳ ትራንዚስተሩ አይዘጋም፤ ይበልጥ ይከፈታል፣ ባያሱም ይወርዳል። ድምፁ ይሻክር ይሆናል እንጂ የሚቃጠል ነገር አይኖርም። ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ይህን ነው።

የቀረው ምትክ ድራይቨር ማግኘት ነበር። የመጀመሪያዎቹ 2ኤስዲ669 እና 2ኤስቢ649 ናቸው። ከአንድ ሱቅ የገዛኋቸውን ስጠራጠር ጽሑፋቸውን በአሴቶን ባበስሁት ጊዜ ለቀቀ። አንዱን በፒንሳ ሰብሬ ከሞተው ኦሪጅናል ጋር ሳስተያየው፣ በውስጡ ያለው የሲሊከን ቁራጭ በግልጽ ያንሳል፤ አስመስለው የሠሯቸው ነበሩ። እውነተኛ ዕቃ ያገኘሁት እኅቴ ከአሜሪካ ስትመጣ በፖስታ ውስጥ ይዛልኝ ነው፤ 2ኤስሲ4793 እና 2ኤስኤ1837፣ 230 ቮልት የሚችሉ፣ ፍጥነታቸውም ለዚህ ሥራ የሚበቃ።

እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። የድሮዎቹን ጽሑፋቸው ወዳንተ ዞሮ እግራቸው ወደ ታች ሆኖ ስታያቸው፣ ቅደም ተከተላቸው ከግራ ኢሚተር፣ ኮሌክተር፣ ቤዝ ነው። የአዲሶቹ ደግሞ ቤዝ፣ ኮሌክተር፣ ኢሚተር። ዝም ብሎ በድሮው አቀማመጥ የሚበይዳቸው ሰው ገና ሲያበራ ያጣቸዋል። በእኔ መሣሪያ ድራይቨሮቹ ሰሌዳው ላይ ብቻቸውን ስለሚቆሙ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዞርኋቸው፤ ትንንሾቹን የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣዎችም አብሬ አዞርሁ። የአምራቹን መግለጫ አጠገቤ አስቀምጬ እያንዳንዱን እግር ሦስት ጊዜ ቆጠርሁ። ድራይቨሮቹን የላይኛውንም የታችኛውንም በአንድነት ለወጥሁ፤ ያልሞተው የአደጋው ተካፋይ ነበርና አላመንሁትም። በውጤት ትራንዚስተሮቹ ሥር ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ አዲስ ስስ የማይካ ንጣፍና የሙቀት ቅባት አድርጌ፣ ከአሉሚኒየሙ ጋር አለመገናኘታቸውን በኦም ለካሁ።

ባያሱን ዝቅተኛው ላይ አድርጌ በአምፖሉ በኩል አበራሁ። ደመቀ፣ ደበዘዘ። ትንፋሼን የለቀቅሁት ያኔ ነው። አምፖሉ እያለ ቮልቴጁ ስለሚወርድ ባያስ በትክክል አይስተካከልም፤ አውጥቼው በቀጥታ ሰካሁ። በ0.47 ኦሙ የኢሚተር ሬዚስተር ላይ 10 ሚሊቮልት እስኪነበብ ቀስ በቀስ አዞርሁ፤ ይህም 21 ሚሊአምፔር ገደማ ነው። በስፒከር ጫፎቹ ላይ ያለው ቀጥተኛ ቮልቴጅ 12 ሚሊቮልት ብቻ ሆነ።

አጥፍቼ መልሼ አበራሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ቀጭ።

እናቴ ከማድ ቤት ሰማችው። «ተነሣ እንዴ? ሸክላ ላምጣ?» አለችኝ።

«ገና ነው፣ እማዬ፤ ይሙቅ» አልኋት። ትራንዚስተሮቹ ሲሞቁ ንባቡ ይንሸራተታል፤ አንድ ሰዓት ከአጠገቡ ሳልነሣ ጠበቅሁ። ግራው 11 ላይ ረጋ፣ ቀኙ 10 ላይ። ሸክላዋን ያን ማታ አጫወትንላት፤ ክዳኑን ያሰርሁት ግን በማግስቱ፣ አንድ ጊዜ ደግሜ ከለካሁ በኋላ ነው።