ጥቁር ጆይስቲክ ጥቁር አይደለም፦ የፒኤስ 2 ጆይስቲክ በኢንክስኬፕ

ብዙ የጌም ቤት ባነር ላይ ያለው ጆይስቲክ ከኢንተርኔት የወረደ ትንሽ ፎቶ ነው፤ ሁለት ሜትር ላይ ሲለጠጥ ካሬ ካሬ ይሆናል። ቬክተር፣ ማለትም በነጥብና በኩርባ የሚሳል ሥዕል፣ ይህ ችግር የለበትም፤ እኛም የፒኤስ 2ን (የፕሌይስቴሽን 2ን) ጆይስቲክ ኢንክስኬፕ በሚባለው የቬክተር መሳያ ፕሮግራም እንስላለን። የቬክተር ችግር፣ ሲያልቅ የልጆች መጫወቻ መምሰሉ ነው። ያ ደግሞ ቀለም ስላነሰው ሳይሆን ጠርዙ ስላልተሠራ ነው። (ድሬ ላይ አንቱ ስለማናውቅ አንተ እያልኩ ልቀጥል።)

የሚሠራ ጆይስቲክ አያስፈልግህም፤ በየጌም ቤቱ አንድ የተበላሸ አይጠፋም። ከማንሳትህ በፊት በደረቅ ብሩሽ አራግፈው። አቧራችን አዝራሮቹ ዙሪያ ያለችውን ክፍተት ሞልቶ ጥላዋን ይደብቃታል፤ የምትስለው ደግሞ እሷኑ ጥላ ነው። ቀትር ላይ ደጅ አታንሳ፤ የድሬ ፀሐይ ፕላስቲኩን አንድ ነጭ ነጥብና አንድ ጥቁር ጉድጓድ ብቻ ታደርገዋለች። መስኮቱን በነጠላ ጋርድና ብርሃኑ ከላይ፣ ከግራ በኩል ይግባ። ስልኩን አስጠግተህ ካነሳህ መሃሉ ያብጣል፣ ዳር ዳሩ ይሸሻል። ስለዚህ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብለህ በ2 እጥፍ ዙም አንሳ። ከዚያ የጆይስቲኩን ስፋት በካሊፐር (በመንጋጋው ይዞ በሚለካው መሣሪያ) ለካ፤ ወደ 16 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። የኢንክስኬፕን ገጽ በሚሊ ሜትር አድርገህ ፎቶውን በዚያው ስፋት አስቀምጠው፤ ከዚህ በኋላ 0.3 ሚሊ ሜትር ስል እውነተኛዋን 0.3 ማለቴ ነው።

ፎቶውን በራሱ ወደ ቬክተር የሚቀይረውን ትሬስ ቢትማፕን እርሳው። ኖዱን (ኩርባውን የሚይዘውን ነጥብ) በብዙ መቶ ይቆልልብህና ጠርዙ የተቀደደ ወረቀት ይመስላል። የግራውን ግማሽ ብቻ በእጅህ ሳል፤ ከ10 እስከ 14 ኖድ ይበቃዋል። ኖዶቹን ኩርባው በጣም በወጣበትና በጣም በገባበት ቦታ አስቀምጥ። አባዛው፣ አግድም ገልብጠው፣ ሁለቱን ኮምባይን አድርግና ከላይም ከታችም የሚገናኙትን ኖዶች ጆይን በል። ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ነው፦ መጋጠሚያው ላይ ያለው ኖድ ክንዱ (ከኖዱ ወጥቶ ኩርባውን የሚመራው መስመር) ፍጹም አግድም ካልሆነ መሃሉ እንደ ወፍ ምንቃር ይሾላል። ክንዱን ስትጎትት ኮንትሮልን ተጭነህ ያዝ፤ በ15 ዲግሪ እየዘለለ ስለሚሄድ አግድሙን አይስትም። የምትገለብጠው ደግሞ ቅርጹን ብቻ ነው። ብርሃኑንም አብረህ ከገለበጥክ ጆይስቲኩ ሁለት ፀሐይ ይወጣለታል።

አሁን ቀለም። ገላውን ሙሉ ጥቁር ከሞላኸው ጥላ የምታስቀምጥበት ቦታ አጣህ። መነሻው በአርጂቢ (የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን፤ ሦስቱም 0 ሲሆኑ ጥቁር፣ 255 ሲሆኑ ነጭ) 44፣ 44፣ 47 ይሁን፤ ብርሃን የመታው ወገን 70 አካባቢ፣ የታችኛው ወገን 24፣ ክፍተቶቹ ብቻ 10። ሦስተኛዋን ቁጥር በትንሹ ከፍ ማድረግ ፕላስቲኩን ቀዝቀዝ ያደርገዋል፤ ሦስቱ እኩል ከሆኑ ከሰል ይመስላል።

አንድ አዝራር በቅርብ እንየው፤ አንዱ ከገባህ ሌላውም ይገባሃል። የአዝራሩ ስፋት 10 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ከታች 10.6 የሆነ ክብ አድርግና 10፣ 10፣ 11 ሙላው፤ ጉድጓዱ ይህ ነው። በላዩ ባለ 10 ክብ፣ ግራዲየንቱ (ቀስ እያለ የሚለወጠው ቀለም) ከላይ ግራ 62፣ ከታች ቀኝ 30። በእሱ ላይ ደግሞ ባለ 9.4 ክብ። የዚህ ሦስተኛው ግራዲየንት የበታቹን ከተከተለ አዝራሩ ያበጠ ይመስላል፤ ከተቃረነ የጎደጎደ ይሆናል። በዓይንህ አይተህ ምረጥ እንጂ በግምት አትሙላ። በመጨረሻ ከጉድጓዱ ውጪ፣ በታች ቀኝ በኩል፣ 0.15 ሚሊ ሜትር የሆነች የጨረቃ ቅርጽ በ95 ግራጫ አስገባ። ብርሃኑ ከላይ ግራ ከመጣ የጉድጓዱን ማዶ ጠርዝ ነውና የሚመታው። ሥዕሉን ከመጫወቻነት የምታወጣው ይህች ቀጭን ጨረቃ ናት፤ ሰው ግን ግራዲየንት ሲደራርብ ውሎ እሷን ይረሳታል።

ምልክቶቹ፦ ሦስት ማዕዘኑ አረንጓዴ፣ ክቡ ቀይ፣ ኤክሱ ሰማያዊ፣ ካሬው ሮዝ። ደማቅ ቀለም አትጠቀም፤ ጥቁር ላይ ሲሆኑ ይጮኻሉ። መስመራቸውን በስትሮክ ቱ ፓዝ ወደ ቅርጽ ቀይረው፤ አለበለዚያ ሥዕሉን ስታሳድግ፣ የስትሮክ ማሳደጊያዋ ምርጫ ካልበራች፣ መስመሩ ፀጉር አክሎ ይቀራል።

ሁለቱ የአውራ ጣት ዘንጎች ላስቲክ ናቸው፤ ላስቲክ ላይ ነጭ ነጸብራቅ የለም፤ ሰፊና ለስላሳ ራዲያል (ከመሃል ወደ ዳር የሚሄድ) ግራዲየንት ብቻ። ያገለገለ ጆይስቲክ ከፈለግክ ጣት የሚያርፍበትን መሃሉን ትንሽ አብራው፤ የተፋቀ ላስቲክ ያብለጨልጫል። የዘንጉን ጥላ ብለር አድርገህ (አደብዝዘህ) በጉድጓዱ ክብ ክሊፕ ካላደረግከው (ከክቡ የወጣውን ካልቆረጥከው) ገላው ላይ ይፈሳል።

የፕላስቲኩን ሻካራነት ለመሳል አትድከም፤ በባነር ርቀት አይታይም። ብለር ሲበዛ ፕሮግራሙ ይንቀራፈፋል፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ላፕቶፑም ይግላል። ስትሠራ ብለሩ እንዳይታይ ዲስፕሌይ ሞዱን ኖ ፊልተርስ ላይ አድርገው። መብራት ሳይናገር ስለሚሄድ አውቶሴቩን 5 ደቂቃ ላይ አድርግ።

ለማተሚያ ቤት ስትሰጥ ሜሽ ግራዲየንት (በመረብ ላይ የሚዘረጋ ቀለም) አይኑርበት፤ ኢንክስኬፕ ውስጥ ያምራል፣ ኮረል ድሮው በሚባለው ሌላ የመሳያ ፕሮግራም ላይ ሲከፈት ግን አይሆንም። ፒዲኤፍ ስታደርግ ብለሩ ወደ ፎቶ ይቀየራል፤ ጥራቱ ሳይነካ ከተተወ 96 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 96 ነጥብ) ነው። ወደ 300 ብታሳድገውም 16 ሴንቲ ሜትር ላይ አውጥተህ ባነሩን 2 ሜትር ካደረግከው 24 ሆኖ ያርፋል። ስለዚህ መጀመሪያ በሙሉ መጠኑ አሳድገው፣ ከዚያ በ100 አውጣ፤ ለጥላ ይበቃል። የአማርኛውን ጽሑፍ ኦብጀክት ቱ ፓዝ በሚለው ወደ ቅርጽ ቀይረው፤ ፎንቱ እነሱ ጋ ከሌለ ስምህ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታተማል።

ከባነሩ በፊት አንድ አዝራር ብቻ በትልቁ፣ እዚያው ማሽን ላይ፣ በቁራጭ ፍሌክስ (የባነር ፕላስቲክ) አሳትም። በስክሪን የተለያዩት 10 እና 24 በቀለም አንድ ጥቁር ከሆኑ 24ቱን ወደ 36፣ መነሻውን ወደ 58 ከፍ አድርግና እንደገና ሞክር።